አንድ እፍኝ ቡላ

ሳህኑን አታንሺው፤ ይቀመጥ። አራስ ሆና ቡላ አልበላም የምትል ሴት እንደምታስገርም አውቃለሁ፤ አንቺም ከጠዋት ጀምሮ ደፋ ቀና ያልሽበትን ምግብ እንዲህ መግፋቴ ደግ አይደለም። ግን የገንፎው እንፋሎት ሲሸተኝ የሚታየኝ ምግብ አይደለም፤ የተከፈተ ሞተር ነው። አትሳቂ።

አባቴ ዲላ ላይ መካኒክ ነበር። አንድ ነጋዴ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ቢለው፣ ከእንግዲህ ለቁርጥራጭ ብረት ካልሆነ አትሆንም ብሎ ግቢያችን ጥሏት የሄደ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው። ጎረቤቶቻችን ፍየል ትዘላታለች እያሉ ያሾፉባት ነበር። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ እሷን ሲፈታና ሲገጥም ኖረ።

እናቴ የታመመችው መኪናዋ መንቀሳቀስ በጀመረችበት ዓመት ነው። ሐኪሞቹ እጢ አግኝተውባት፣ ከእንግዲህ አይድንም ብለው ወደ ቤት መለሷት። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍስሐ ገነት ያለችውን ታላቅ እህቷን ማየት። አክስቴ እግሯን ከያዛት ቆይቷል፤ ወደ ዲላ መውረድ አትችልም። እናቴም ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቃ መሄድ አትችልም፤ ደግሞም በቀይዋ ካልሆነ አልሄድም አለች። አባቴ ዛሬ ፍሬኑ፣ ነገ ቺንጋው እያለ ጉዞውን ሦስቴ አራዘመው። እናቴ ለጉዞው ያዘጋጀችውን ነጭ ልብስ መልሳ ታጥፋለች። እኔ ልብሱን ስታጥፍ ማየት አልችልም ነበር።

በአራተኛው ቀጠሮ ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ራዲያተሯ ሥር መሬቱ ረጥቦ አየሁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቴክኒክ ኮሌጅ አውቶ እማራለሁ፤ ከአባቴ እበልጣለሁ ብዬ የማስብበት ዘመን ነው። ለአባቴ ብነግረው ጉዞው ይቀራል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ ጋራዣችን ተቀምጦ፣ ራዲያተሩ ቢያንጠባጥብበት ባንኮ ጎቲቲ መንደር ላይ ከገበሬ ቤት ቡላ ለምኖ ጨምሮበት ዲላ ድረስ እንደገባ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ከእናቴ ጓዳ አንድ እፍኝ ቡላ ዘገንኩ፤ በውሃ በጠበጥኩና ራዲያተሯ ውስጥ አፈሰስኩት። ጠብታው ቆመ። በራሴ ኮርቼ እንቅልፌን ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ፊት ወንበር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ታጥፌ ገባሁ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ስለነበር በመስኮቱ የሚገባው አየር የረጠበ የቡና ገለፈት ይሸት ነበር። እናቴ አንድ እጇን ወደ ውጭ አውጥታ ነፋሱን ትነካለች። ወናጎን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ወጣ፤ ወዲያው ከኋላችን ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። አባቴ ዳር ይዞ ቆመ።

«እህቴ እኮ ደጅ ወንበር አስወጥታ እየጠበቀች ነው» አለች እናቴ።

ፀሐይ ላይ ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አንድ ከባድ መኪና እናቴን ጋቢና አስገብቶ መለሰልን። በማግሥቱ ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሳችም።

አባቴ መኪናዋን አስጎትቶ አመጣት። የዘይት መለኪያውን ሲመዘው ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳው ውሃው ተንፈቀፈቀ። ቴስታታው ሥር ያለው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል አለ። ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን የላይ ብረት፣ ከታችኛው ጋር የሚያሽገውና ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ስስ ነገር ነው። እኔ ቁልፍ እያቀበልኩት ብሎኖቹን ፈታ፤ ቴስታታውን አነሳው። የውሃው ቀዳዳዎች በነጭ ነገር ተደፍነዋል፤ በስሎ እንደ ገንፎ ረግቷል።

አባቴ በጣቱ ቆንጥሮ አሸው። አሸተተው። አንገቴን ደፍቼ የሚናገረውን ጠበቅሁ። አብሮት የሚሠራው መካኒክ ምንድነው ብሎ ብቅ ሲል፣ አባቴ ጨርቅ አንስቶ ቀዳዳዎቹን መጥረግ ጀመረ።

«ኖራ ነው» አለ። «የውሃው ኖራ።»

ለእናቴም አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ እንደዚያው ነገራት። ቀድሜ ማጠብ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ተመልሼ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ ፈሪ ነበርኩ።

የተጣመመው ቴስታታ ሐዋሳ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ። ጋርኒሲዮኑ ግን ዲላም ሐዋሳም የለም። ከአዲስ አበባ የመጣው የመጀመሪያው ቀዳዳው አልገጠመም፤ ተመለሰ። እናቴ በየሰዓቱ መጣ ወይ ትላለች። ከዚያ በቀን አንዴ ትጠይቅ ጀመር፤ ከዚያ መጠየቅ አቆመች። ትክክለኛው የደረሰው ከቀበርናት በሦስተኛው ቀን ነው።

አባቴ ለቀስተኛው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተነስቶ ገጠመው። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በተራ፣ በልኩ አጠበቀ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ነጭ ጭስ የለም፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ትንሽ አዳመጠው፤ አጠፋው፤ ሸራ አለበሳት። ከዚያ ወዲህ አልነዳትም።

በዚያው ዕለት ጎረቤቶች ቡላ ገንፎ አምጥተው በመካከላችን አስቀመጡ። አባቴ አንድ ማንኪያ ጨለፈና ወደ አፌ ዘረጋው። እጁ ገና ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

«ብዪ ልጄ» አለኝ። «ምግብ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

ፊቴን አዞርኩበት። የጠላሁት ራሴን ነበር፤ እሱ ግን ያየው ፊቴን ማዞሬን ነው። ማንኪያው ትንሽ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ሳህኑ ውስጥ መለሰው፤ እሱም ሳይበላ ቀረ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም። በየዓመቱ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳልነግረው አረፈ፤ እነሆ ሁለት ዓመት ሆነው።

ይህችን ሕፃን ሳያያት ቀረ።

እስቲ ማንኪያውን አቀብዪኝ። ቀዝቅዟል፤ ግድ የለም፣ አታሙቂው።