ለአባ ታከለ የመረጥኩት ፕሮሰሰር

ባለፈው ሳምንት ከባቡር ስወርድ አንድ ጎረቤቴ አስቆመኝና ለልጁ የትኛውን ኮምፒውተር ቢገዛ እንደሚሻል ጠየቀኝ። «አንተ ከቺፕ ፋብሪካ እየሠራህ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው?» አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት፤ ቅር ሳይለው አልቀረም። አላውቅም ማለትን የተማርኩት ከአሥር ዓመት በፊት ነው፣ ያውም በሰው ኮምፒውተር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እስራኤል ውስጥ፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ካለው የቺፕ ፋብሪካ ገና መግባቴ ነው። ነጭ ቱታ ለብሼ፣ ከዓይኔ በቀር ተሸፋፍኜ፣ የታሸጉ ሣጥኖችን ከማሽን ወደ ማሽን አመላልስ ነበር። ያለቀለት ፕሮሰሰር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሰፈሩ ግን መሐንዲስ አድርጎኝ ነበር፤ እኔም፣ ደስ ስላለኝ፣ ዝም አልኩ።

አንድ ዝናባማ ቀን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት አባ ታከለ ጠሩኝ። ልጃቸው ውቢት ጎንደር ቀርታ ወደዚህ የመምጫ ተራዋን ትጠብቃለች። ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ዓርብ እኩለ ቀን፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከኢንተርኔት ቤት ሆና በቪዲዮ ልታሳያቸው ተቀጣጥረዋል። የእሳቸው ኮምፒውተር ግን አርጅቶ ድምፁ ሲሄድ ምስሉ ይቆማል።

«ያንተ መፍዓል የሚሠራው የዚህን አንጎሉን ነው አሉ» አሉኝ፣ የተቆላ ሽምብራ እያቀረቡ። «ለዚህ ማሕሼቭ የሚሆነውን አንተ ምረጥልኝ፣ ልጄ።» ፋብሪካውን መፍዓል፣ ኮምፒውተሩን ማሕሼቭ ማለትን ከዕብራይስጡ ለምደው ነበር።

«ቤሴዴር፣ እሺ፣ አባ። ለእኔ ይተዉት።»

ኮምፒውተር መሸጫ ሄድኩ፤ ሻጩ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሰሌዳ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላየሁም ለማለት አፈርኩ። ምርጫው የሚጀምረው ከማዘርቦርዱ እንደሆነ፣ መቀመጫው ካልገጠመ ፍጥነቱ ከንቱ እንደሆነ ማን ነግሮኝ? የፍጥነት ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን አንስቼ ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት አባ ታከለ አጠገቤ ቆመው ክዳኑን ፈታሁ። የድሮውን አውጥቼ አዲሱን ባስቀምጠው እምቢ አለ። እሳቸው እያዩኝ ስለነበር በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መቀመጫው ላይ ያሉት ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች ተጣመሙ። የድሮውን ብመልሰውም ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ።

«አባ፣ እኔ አላውቅም ነበር» አልኳቸው። «ፋብሪካው ውስጥ ሣጥን ነው የማመላልሰው።»

እሳቸው ሕፃኑን ለማየት ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። ውቢት ነበረች፤ ምስሉ ለምን እንዳልመጣ ጠየቀች።

«የላይ ፎቁ ልጅስ አሳምሮ ሠርቶልኝ ነበር» አሏት። «እኔው ነኝ ነካክቼ ያበላሸሁት።»

ሳቋ እኔ እስካለሁበት ድረስ ተሰማ።

ከወር በኋላ፣ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማዘርቦርድ መርጦላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን አዩ። በአካል ግን ሳያቅፉት አረፉ። ውቢት የመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ አሁን እዚሁ ከተማ፣ ካርሜ ጋት ሰፈር ትኖራለች። በተገናኘን ቁጥር አባቷ እጃቸው እንደማያርፍ፣ እኔ የሠራሁትን እንኳ ነካክተው እንዳበላሹ እያነሣች ትስቃለች። አብሬያት እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ አፍራለሁ። ብነግራት አባቷን ውሸታም ማድረጌ ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ጥፋቴን ተሸክመው ቀሩ። እስካሁን አልነገርኳትም።