በጨው ነጋዴው የላክሁት መልእክት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ለአጥሩ እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ሽታው ቤቴ ድረስ ገባ። ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እኔ ልጃገረድ ሳለሁ አሶሳ መኪና አታውቅም፤ ጨው እንኳ የሚመጣላት በአህያ ነበር። አንድ ቀን ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ ተኛ። ብቻውን ያወራል፤ ድንገት ይጮኻል። ልጆቹ «መጅኑን! እብድ!» እያሉ ሲከተሉት አክስቴ ተቆጣች። «መንደራችን ያደረ ሁሉ እንግዳችን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ተራ ገቡለት፤ አንዷ የማሽላ ገንፎ ታመጣለች፣ ሌላዋ ውሃ፣ ሌላዋ ልብሱን ታጥብለታለች። ማንም አላዘዘንም። ክረምቱ ሲቃረብ ቀርከሃ ሰንጥቀን ትንሽ ጎጆ ሠራንለት። ሁለት ቀን ዙሪያዋን ሲዞራት ሰንብቶ በሦስተኛው ገባ። አቤት ደስታችን! በእልልታ ልናስበረግገው ምንም አልቀረን።

ቀስ በቀስ ሰው ሆነ። የባሚያው ወጥ ቀጠነ ብሎ እስከ ማማረር ደረሰልሽ። አንድ ከሰዓት ለእኔና ለአክስቴ ብቻ የመንደሩን ስም ነገረን፤ ወንድም እንዳለውም። ቁርጭምጭሚቱን ዙሪያውን የከበበ የጠቆረ ጠባሳ ነበረው። አይቼዋለሁ፤ የመንገድ ቁስል መስሎኝ አለፍኩት።

በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲሰነብት ለዘመዶቹ «ደህና ነው፣ እኛ ጋ ነው» ተብሎ ካልተላከ ነውር ነው። እኔም ማንንም ሳላማክር፣ ወደ መንደሩ ለሚያልፍ የጨው ነጋዴ መልእክቱን ሰጠሁ። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ እኔም ስመሰገን ይታየኝ ነበር። ልጅነት!

ወንድምየው በሳምንቱ መጣ። እውነትም አለቀሰ። ትከሻው ላይ ግን ገመድ ነበር።

«ወላሂ እወደዋለሁ፤ ካላሰርነው ግን ይጠፋብናል። ስንት ወር ፈለግነው!» አለ።

አክስቴ ለመነችው፤ ሴቶቹ ሁሉ ለመኑት። የሥጋ ዘመድ ነውና ማን ይከልክለው?

እንግዳው አልሮጠም። ሁለት እጁን ራሱ ዘረጋ። ከዚያ እኔንና አክስቴን ተራ በተራ አየ።

«ለእናንተ ብቻ ነበር የተናገርኩት። ከሁለታችሁ ማን ናት የነገረችብኝ?»

አክስቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመድ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ፊቱን ከእሷ አዞረ። በታሰረ እጁ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንቺ አልከዳሽኝም። አላህ ያክብርሽ» ብሎ መረቀኝ።

እኔም «አሚን» አልኩ።

አክስቴ እስክትሞት ድረስ ነገሩን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።