የላሟ ዘበኛ

እናቴ የምትኖረው ግምጃ ቤት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ እኔ እንጅባራ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ወደ እኔ ላመጣት ያላልኩት ነገር የለም። መልሷ አንድ ነው፤ «ላሟንስ?» ላም ለያዘ ሰው የሚከራይ ቤት ከየት ይመጣል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ስልክ ስደውልላትም «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋብኛለች።

ባለፈው ክረምት የላሟ ግት በአንድ በኩል አብጦ ደነደነ፤ ወተቱም እየጓጎለ ይወጣ ጀመር። እናቴ ጥፋተኛዋን ለማግኘት አልዘገየችም። ጎረቤቷ ወተቱን ሳይከደን አይታዋለችና የሰው ዓይን ነው አለች። እኔ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ይዤ ሄድኩ። ግቷ ከደረቀ ለሥጋ ከመሸጥ ሌላ መላ እንደሌለ በመንገድ ላይ ነገረኝ። ያቺ ላም ከሄደች እናቴ ጠዋት ለምን ብላ ትነሣለች?

ሐኪሙ ጡቷን አጥቦ መድኃኒት ጨመረላት። «እማማ፣ ይህ የሚጓጉለው ከበሽታው ጋር ሲዋጉ የወደቁ የደሟ ወታደሮች ናቸው» አላት። እናቴ አማተበች።

«ወታደሮቹ እንዳይደክሙ በሩ መጠበቅ አለበት። ጡቷ ጫፍ ላይ ዘበኛ አለ ይበሉ። ስትታለብ ይከፍታል፣ መዝጋት ላይ ግን ዘገምተኛ ነው። እሱ እስኪዘጋ ጭቃ ላይ እንዳትተኛ፣ ሣር እየሰጡ ያቁሟት።»

ከዚያ ወዲያ የእናቴ ወሬ ሁሉ ዘበኛው ሆነ። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ «ቆይ፣ ዘበኛው ገና ነው» እያለች ከበረት አትወጣም። ወሬው መንደሩን ዞሮ አንድ ቀን ያቺው ጎረቤት ወንድሟን አስከትላ መጣች።

«ለላምሽ ዘበኛ ትፈልጊያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ይኸው፣ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም።»

እናቴ እስክታነባ ሳቀች። የዓይኑ ነገር ከዚያ በኋላ ተነሥቶ አያውቅም።

እኔን የገረመኝ ግን ስልኩ ነው። በየምሽቱ እሷው ትደውልልኝ ጀመር። ማን እንደታመመ፣ ድንቹን ውርጭ እንደመታው፣ ቄሱ ምን እንዳሉ ታወራኛለች። ከኋላዋ ላሟ ሣር ስትቆረጥም ይሰማኛል። ድንገት «በል፣ ዘበኛው ዘግቷል፣ ትተኛ» ብላ ትዘጋለች። እኔ ለካ ዘበኛው እስኪዘጋ የጊዜ ማሳለፊያዋ ነበርኩ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ከእናቴ ጋር እንዲህ አውርተን አናውቅም ነበር።

እብጠቱ ጎደለ፣ ወተቱም ጠራ። ዜናውን ስትነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ወዲያው ግን ልቤ ፈራ።

«እንግዲህ ዳነች፤ ዘበኛውን መጠበቅ ቀረ ማለት ነው?» አልኳት።

«ምን ነካህ ልጄ» አለችኝ፣ «በሩ እኮ በየማታው ይከፈታል።»