የአማቷን ፎቶ የወሰደው ሱቅ

እስኪ ይህን ፎቶ ተመልከቱ። አንዲት አሮጊት አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀሯቸውን ጥርሶች ሳይደብቁ ይስቃሉ። የሹራቡ ቁልፎች አይታዩም። የለበሱት የፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ነው።

"እማማ፣ ገልብጠውታል እኮ" ብላቸው ነበር ምራታቸው፣ ስልኳን እንደያዘች።

"በቁልፉ በኩል ነፋስ ይገባል። የሚበርደኝ ደግሞ ደረቴን ነው። አንቺ ፎቶሽን አንሺ።"

ምራቲቱ ሹራብ ሠሪ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ መርፌና በአማቷ ትከሻ ነው። እሷ ስትሠራ አማቷ ልጆቹን ይይዙላታል፤ ሹራቡ ሲያልቅ ደግሞ ለብሰው ፎቶ ይነሱላታል። ሰው ያልለበሰው ሹራብ ጨርቅ ነው ብላ ታምናለች። ፎቶውን በስልኳ ለደንበኞቿ ትለቃለች፣ እንጀራዋም ያ ነው።

አንድ ቀን አማቷ ዳቦ ቤት ተሰልፈው ሳለ የአውቶቡስ ትኬት የምትቆርጥ ሴት ፊታቸው ተገተረች።

"እርስዎ ነዎት አይደል ይህን የሸጡልኝ?" ብላ ከቦርሳዋ የተኮማተረ ሹራብ አወጣች። "አንዴ ባጥበው ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ ቀረ።"

"ልጄ፣ እኔ እንኳን ሹራብ ልሸጥ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆየ።"

"ታዲያ ፎቶው የማነው? መንታ አለዎት?" ስልኳን ለሰልፈኛው ሁሉ አሳየች። ደረጃው፣ አረንጓዴው ሹራብ፣ ሳቁ፣ ሁሉም አለ። ከኋላ አንዱ "በዚህ ዕድሜ" አለ።

አማቷ ዳቦ ሳይገዙ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ደጅ መውጣት እምቢ አሉ። ፎቶ የሚባል ነገርማ አይነሳባቸው። "ስሜን ይዤ ልሙት" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

ምራታቸው ፈልጋ ፈልጋ ሱቁን ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ፎቶውን ለጥፎ "የፋብሪካችን ምርት" ብሎ ጽፎበታል። ፎቶውን አውርዱልኝ ብትለው "ኢንተርኔት ላይ ያለ የሁሉም ነው" ብሎ መለሰና ዘጋባት። የሁሉም ነው አለ፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ። የሰው ፊት በር ላይ እንደተረሳ ወንበር ነው እንዴ፣ ያለፈ ያገደመ የሚቀመጥበት? የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ሹራብ ሠሪዋ አረንጓዴውን ሹራብ በፌስታል ይዛ ወደ ትኬት ቆራጯ መስኮት ሄደች። ያን ዕለት ያነሳቻቸውን ፎቶዎች በሙሉ አሳየቻት፤ አማቷ ሲለብሱ፣ አንገቱ አልገባ ብሏቸው ሲታገሉ፣ የሷ የራሷ ጣት መሐል ገብቶ ያበላሸው ሳይቀር። ትኬት ቆራጯ ሹራቡን ዳበሰችው፤ የራሷን አስታውሳ አንገቷን ደፋች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ። በአደባባይ ሰድበን በጓዳ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህች ሴት ግን እንደኛ አላደረገችም። ቤት ድረስ መጥታ አሮጊቷን ደግፋ ይዛ ወደዚያው ዳቦ ቤት፣ ወደዚያው ሰልፍ ወሰደቻቸው።

"ባለፈው እዚህ ቆሜ እኚህን እናት ያዋረድኩት እኔ ነኝ" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ያታለለኝ ሌላ ነው። እሳቸውንም ሰርቋቸዋል።"

ከዚያም እዚያው ቆማ ሱቁ ገጽ ላይ፣ ከፎቶው ሥር፣ እውነቱን ጻፈች። ሰልፈኞቹም እየተቀባበሉ ጻፉ። ያ "በዚህ ዕድሜ" ያለው ሰውዬ እንኳ መነጽሩን ፈልጎ ጻፈ። ሱቁም ጽሑፉ ሲበዛበት ፎቶውን አወረደው።

"ስሜን መልሰሽልኛል፣ ተባረኪ" አሏት አሮጊቷ። "አሁን ደግሞ ተራዬን መልሺልኝ፤ ስታወሪ አለፈኝ።"

ሹራብ ሠሪዋ እስከ ዛሬ የዚያችን ሴት ስም ስታነሳ ድምፅዋ ይለሰልሳል። "የተበደለችው እሷም ናት፤ ግን የራሷን ትታ የኛን አቀናች" ትላለች።

ያ ፎቶ አሁንም በሌሎች ሱቆች ይዞራል ይባላል። ካያችሁት ዝም ብላችሁ አትለፉ። "እኚህን እናት አስፈቅደሃል ወይ?" ብላችሁ ሻጩን ጠይቁልኝ፤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ ጠይቁት።