ከድልድዩ ስር ያለው በረዶ

ስራዬ እዚህ ሆላንድ ውስጥ ቱይስዞርግ የሚሉት ነው። ከቤት ቤት እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ያን ጊዜ የጠዋት ዙሬ የሚያልቀው ራይስዋይክ ውስጥ፣ ሰፊ የውሃ ቦይ ዳር፣ ከድልድይ አጠገብ ካለ ፎቅ ቤት ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው አንድ አዛውንት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሜኔር ነበር የምላቸው፤ በሆላንድኛ «አቶ» እንደማለት ነው። እግራቸው ከድቷቸዋል። ከአልጋቸው ተነስተው መስኮቱ ስር ካለው ወንበር የሚደርሱት በአንድ እጃቸው ባለጎማ መደገፊያቸውን፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ይዘው ነው። እግራቸው እንዳያብጥ ያንን ጠባብ ካልሲ እየታገልኩ ሳጠልቅላቸው፣ እሳቸው ቁልቁል ቦዩን እያዩ ያወሩኛል።

የሚያወሩኝ ስለ በረዶ ነው። ያደጉት በሰሜን፣ ፍሪስላንድ ገጠር ነው። በጉልበታቸው ዘመን የመንደራቸውን በረዶ የሚለኩት እሳቸው ነበሩ። ውሃው ረግቶ በረዶ ሲሆን ማልደው ይወጣሉ፤ ወገባቸው ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ጓደኛቸው ዳር ቆሞ ገመዱን ይይዛል። እየበሱ፣ እየለኩ፣ ሰው ይሂድበት አይሂድበት ይወስናሉ።

«ጥቁሩን በረዶ እመኚው። ነጩን በግማሽ። ሸምበቆ ካለበት ራቂ፣ ዳክዬ ከተሰበሰበበት ራቂ። ድልድይ ስር ግን በፍጹም! ድልድዩ ውሃውን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ላዩን ስታዪው ያው በረዶ ነው፤ ስትረግጪው ብስኩት ነው።»

እኔ የማውቀው በረዶ ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚያጠፋውን ነው። ይህን ስነግራቸው ይስቁ ነበር።

በዚያ ዓመት ብርዱ ጠና፤ ቦዩም ረጋ። ሰዎች ከሰፊው በኩል መንሸራተት ጀመሩ። ሜኔር ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ አልነሳ አሉ። «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላሉ ለብቻቸው። ማን ይሰማቸዋል? መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፤ ለመክፈት ደግሞ መቆም ይጠይቃል።

በሦስተኛው ቀን አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን ስጀምር እጄን ቀጨም አደረጉኝ።

«ያ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ኮፍያና ሻርፕ ፊቱን የሸፈነው ሰው መሐል ቦዩን ይዞ በእግሩ ይመጣል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ይቀርጻል።

«ወደ ድልድዩ እኮ ነው! ሂጂ! ሩጪና ንገሪው!»

ካልሲውን ጥዬ ሮጥኩ። ካፖርቴም ስልኬም እዚያው ቀሩ። ቦዩ ዳር ስደርስ ሰውዬው ከድልድዩ ሃያ እርምጃ ያህል ቢቀረው ነው። «ስቶፕ! ስቶፕ! አደጋ አለ!» እያልኩ በሆላንድኛ ጮህኩ። ሰማኝ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረና እጁን አውለበለበልኝ። ሰላም ያልኩት መስሎታል። እጄን እያወናጨፍኩ ደግሜ ጮህኩ፤ እሱም ደግሞ አውለበለበ። ከዚያ ድልድዩ ስር ገባ።

ድምፁ እንደጠበቅኩት አልነበረም። ትልቅ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ሰውዬው እስከ ብብቱ ሰመጠና «ወይኔ እናቴ!» አለ።

በአማርኛ ነው እናቱን የጠራው።

እግሬን በረዶው ላይ አሳረፍኩ። ከስሬ ተንቋቋ፤ መልሼ አነሳሁት። ዋና አልችልም። በመካከላችን አስር እርምጃ ቢሆን ነው። ሻሼን ከራሴ ፈትቼ ወረወርኩለት፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወደቀ።

«ወንድሜ! አትንፈራገጥ! እጅህን በረዶው ላይ ዘርጋ!»

አማርኛዬን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ! ጥለሽኝ እንዳትሄጂ!»

«አለሁ! የትም አልሄድም!»

«አልቻልኩም፤ እግሬ የለም።»

«አለ፤ እግርህ አለ። እኔን እየኝ!»

ወደ መስኮቱ ቀና ስል ሜኔር በመዳፋቸው መስታወቱን ይደበድባሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፤ ደግመው ይዘረጋሉ፤ ያጎነብሳሉ። ምን እንደሚሉኝ አልገባኝም። ጥቂት ቆይቼ ሳይ መስኮቱ ላይ የሉም። ስልክ ሊደውሉ ሄዱ ብዬ ተጽናናሁ።

አንዲት ሴት ብስክሌቷን ጥላ አምቡላንስ ጠራች። ከሚታደስ ቤት ሁለት ሠራተኞች መሰላል ተሸክመው መጡ። መሰላሉን በረዶው ላይ አጋደሙትና አንደኛው በሆዱ ተኝቶ፣ እጁን ዘርግቶ እየተሳበ ሄደ። ሜኔር ተኚ ሲሉኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ግን «እህቴ» ማለቱን አቁሞ ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም።

አወጡት። ወጣት ነው፤ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። በሠራተኞቹ ካፖርት ጠቅልለነው አምቡላንሱ እስኪመጣ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ያዝኩት። መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት ቀሚሴን ጨበጠ።

«አብረሽኝ ነይ። ቋንቋቸውን አልችልም።»

«ላይ ቤት የተውኳቸው ሰው አሉ» አልኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ያን ማድረጌ እስካሁን ይከነክነኛል።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ሜኔር ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል፤ ሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። አንዱ እግራቸው ካልሲ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው።

«ወጣ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ወጥቷል ሜኔር። ምን ሆኑብኝ? ወደቁ?»

«አልወደቅሁም። ላሳይሽ ብዬ ነው የተኛሁት። መነሳቱ ነው ያቃተኝ።»

ወለሉ ላይ ከተኙ ከታች እንደማይታዩኝ አላሰቡትም፤ ወይም አስበውት ሌላ የሚያደርጉት አጡ። ላነሳቸው ስሞክር ጮኹ፤ እንዲህ ጮኸው አያውቁም ነበር። ሁለተኛ አምቡላንስ ጠራሁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

ልጁ ድኗል። እሱን በሚያስጠልለው የስደተኞች ካምፕ በጎ ፈቃደኛ የሆነች አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ነገረችኝ፤ ወደ ሌላ ከተማ አዛውረውታል። «አንቺ ባትኖሪ ሞቶ ነበር» ይሉኛል ሰዎች። እኔ ግን ከመስመጡ በፊት ያለውን አስባለሁ። «ቁም!» ብዬ በራሳችን ቋንቋ ብጮህ ይቆም ነበር። ፊቱ ተሸፍኗል፤ ከየት ላውቅ? ይህንን ለራሴ እላለሁ፤ አያረካኝም። ሜኔርን ለምን ብቻቸውን እንደተውኳቸው ከመሥሪያ ቤቴ የጠየቁኝም በደግነት ነው። «ጥፋት የለብሽም» ብለው ጻፉ።

ሜኔር ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በረዶው ከቀለጠ በኋላ የአረጋውያን መኖሪያ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ክፍላቸው የግቢውን መኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ጃኬታቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«መጣሽ? እንሂድ ወደ ቤት።»

«ሜኔር፣ እኔ እኮ ልወስድዎ አልችልም።»

«ለምን? ትከሻሽን እይዛለሁ።»

የተከራዩትን ቤት ሴት ልጃቸው ለአከራዩ እያስረከበች እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ነግረዋቸው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «ሌላ ጊዜ» ብዬ ጃኬታቸውን መልሼ ሰቀልኩ። መነጽራቸው ቆሽሾ ስለነበር አውልቄ ጠረግኩላቸው። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ የሚመጡትንና የሚሄዱትን መኪኖች አብረን አየን።