የበሩ እጀታ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ያለው ጎሚስታ የሞተሬን የፊት ጎማ ቀይሮልኝ፣ ልጄን ከኋላ አድርጌ አምቡሊ ሳንደርስ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። አቁሜ ሳየው ፍሬኑ ጎማውን ይዞታል፤ ዲስኩ ይፋጃል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በከባድ መኪናው ይዞኝ ወደ ጅቡቲ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይኸው ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «የበሩን እጀታ ያዢልኝ እናቴ፤ ስልሽ ትከፍቺዋለሽ» አለኝ። ሥራ የሰጠኝ መስሎኝ ከተማው መግቢያ ያለው የመኪና ማቆሚያ፣ ፔካ 12 እስክንደርስ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ ክፈቺ ሳይለኝ በመድረሳችን አኮረፍኩ። መኪናው አልቆም ካለ እንድዘል እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጎሚስታው አጣሞ ያሰረውን የጎማ ብሎን አላልቼ፣ ጎማው እንዲስተካከል መሪውን ደጋግሜ ተጭኜ መልሼ አጠበቅኩት። ጎማው አሁን ይዞራል፤ ግን ሳልነዳው አላምነውም። ልጄ ከኋላ ሊወጣ እግሩን አነሳ።

«ቦርሳዬን ያዝልኝ፤ እስክመለስ እንዳትለቀው» አልኩት።

በሁለት እጁ አቀፈው።