እንዴት እንደሚያሸንፍ

አሸናፊው ማን እንደሆነ ሁሉም ካወቀ ማን ያሸንፋል ብሎ መወራረድ ትርጉም የለውም። ያኔ የሚቀረው እንዴት ያሸንፋል የሚለው ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብል ቦንጋ ውስጥ የሚቃወመኝ አይኖርም፤ ቢያንስ በምናዘወትረው ቪዲዮ ቤት አልነበረም።

ቤቱ ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ከጅማ የመጣ ነጋዴ ሲሆን፣ ቡጢም እርግጫም ትግልም የተፈቀደበትን ፍልሚያ በፍላሽ እያስመጣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ያሳየናል። እኛ በአጭሩ «ፋይት» እንለዋለን። ኢንተርኔት ገና እንደ ልብ አልሆነም ነበርና በዓለም ያለቀው ፋይት ለእኛ ገና አልተጀመረም። ውርርዱ በሻይና በፓስቲ ነው። ባለቤቱ ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድለት አይወራረድም፤ ሻይና ፓስቲ ግን ግብዣ እንጂ ውርርድ አይደለም ብሎ ራሱን አሳምኗል። እጁን ስለማያስገባ ዳኛችን እሱ ነበር።

በዚያ ቤት ፋይት የሚያልቀው በሦስት መንገድ ነው፤ በዝረራ፣ እጅ በመስጠት ወይም በነጥብ። እጅ መስጠት ማለት አንገቱ የታነቀ ወይም ክንዱ የተጠመዘዘ ሰው በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ ነው። አራተኛ መንገድ አልነበረንም።

ጎረምሶቹ ሁሌ ዝረራ ይላሉ። የሚያዩትን ትተው የሚመኙትን ይመርጣሉ። እኔ የማየው ተሸናፊውን ነበር፤ ምክንያቱም አሸናፊው ከታወቀ መንገዱን የሚያሳየው ተሸናፊው ነው። ሲወድቅ ፊቱን ወደ መሬት አዙሮ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው አንገቱንም እየሰጠ ነው። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እያፈገፈገ ዙር የሚያስጨርስ ሰው አይዘረርም፤ ነጥብ በል። ሁለቱ እኩያ ከሆኑ ደግሞ አርፈህ ሻይህን ጠጣ። በዚህ ዘዴ ብዙ ፓስቲ በልቻለሁ።

ያኔ ነው ማንኪራ በምትባል የጫካ ቀበሌ ያሉት አባታችን ቀፎ ሊያወርዱ ከወጡበት ዛፍ የወደቁት። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ደጋፊ እንደማይንቀሳቀሱ ነገረን። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ቦንጋ ይምጡ ብንላቸው «ንቦቼን ለማን ጥዬ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ለጊዜው ጎረቤት ቆጮውንም ውሃውንም ያቀብላቸው ነበር፤ ጎረቤት ግን ልጅ አይሆንም። ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ አንዳችን መሄድ ነበረብን።

እኔ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። መሄድ ማለት ወደ ቀበሌው ልማት ጣቢያ ልዛወር ብሎ ማመልከት ነው፤ ከቀበሌ ወደ ከተማ አምጡኝ ብሎ የሚለምን እንጂ ከከተማ ወደዚያ ላኩኝ የሚል ሰው አይተን አናውቅም። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ከዛፍ ዛፍ በሚያስኬድ የእግር መንገድ ላይ ባጃጅ ምን ይሠራል? እጮኛውም የቦንጋ ልጅ ናት፤ ጫካ አልገባም ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አንተ ሂድ፣ አንተ ሂድ ስንባባል ሰነበትን። ሽማግሌ እንዳንጠራ፣ አባታቸውን የሚገፋፉ ልጆች መባል አሳፈረን።

በመጨረሻ ወንድሜ «ጋሼ፣ ለምን አንወራረድም?» አለኝ። «የተሸነፈ ይሄዳል።»

«በአባት?»

«ኧረ በፋይቱ ነው!»

ልዩነቱ አልታየኝም። እሺ ያልኩት እንደማሸንፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

እሁድ ሆነ። ሻምፒዮኑ ራሰ በራ ነው፤ ተጋጣሚው ጢማም። ጢማሙ እንደሚሸነፍ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ወንድሜ ዝረራ አለ። እኔ ጢማሙን ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ፤ ሲወድቅ ጀርባውን ይሰጣል። እጅ ይሰጣል አልኩ። በነጥብ ካለቀ በሚቀጥለው እሁድ ልንደግም ተስማማን። ምን እንዳስያዝን ለማንም አልተናገርንም፤ ቤቱ ስለ ፓስቲ ነው ያሰበው።

በሁለተኛው ዙር ራሰ በራው ጢማሙን ወገቡን አቅፎ ጣለው። ጢማሙ እንደ ልማዱ ዞረ። ክንድ በአንገቱ ሥር ገባ። ወንድሜን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ጢማሙ ግን መታ መታ አላደረገም። ሰውነቱ ቀስ እያለ ላላ፣ ከዚያ ራሱን ሳተ። የፋይቱ ዳኛ አላቀቃቸው፤ ጢማሙ ክንዱን እንደዘረጋ መሬት ላይ ቀረ።

ቤቱ ተናወጠ። «እጅ ሰጥቷል!» ይላል አንዱ። «የታባቱ ሰጠ? አንድ ጣት አላነሳም!» ይላል ሌላው። ሁሉም ወደ ባለቤቱ ዞረ። ባለቤቱ ሪሞቱን እንደያዘ አሰበ።

«እጅ የሚሰጥ ሰው አውቆ ነው የሚሰጠው» አለ። «ይኼ ሰውዬ አልሰጠም። ተዘርሮ ይኸው ታዩታላችሁ። ዝረራ ነው።»

በዚያው ቅጽበት በስክሪኑ ግርጌ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ወጣ። አንቆ፣ እጅ በማሰጠት አሸነፈ ይላል። አነበብኩት። በዚያ ጫጫታ ሌላ ያነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ ጓደኞቹ እያቀፉት ነበር፤ እየሳቀ እንባው ይወርዳል። ለፓስቲ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አይቶ የጠረጠረ አልነበረም። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ደግነት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ራሱን የሳተ ሰው እጅ ሰጥቷል ብዬ ከአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ጋር መከራከር ታከተኝ።

ማመልከቻዬን ሳስገባ ኃላፊው ደጋግሞ ካነበበው በኋላ በሩን ዘግቶ ምን እንዳጠፋሁ ጠየቀኝ። ምንም አላጠፋሁም አልኩት። አላመነኝም፤ ፈረመልኝ ግን።

ማንኪራ ስደርስ አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። ወንድሜ ስኳርና ሳሙና ሊያደርስ ቀድሞኝ መጥቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም። ሻንጣዬን ሳላወርድ በቋንቋችን በካፊኖኖ ጀመሩኝ።

«ተወራረዳችሁ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«በእኔ?»

«በእርስዎ።»

ያን ጊዜ አፈርኩ።

«አንተ ታዲያ የመጣኸው አሸንፈህ ነው ተሸንፈህ?»

ዋሽቼ አላውቅም አልልም። ያን ቀን ግን መዋሸት አላስፈለገኝም።

«አሸንፌ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። በክንዳቸው ተደግፈው ትንሽ ቀና አሉና፣ አጠገባቸው እንድቀመጥ መደቡን በመዳፋቸው ጠረጉልኝ።

«እንግዲያው ያንን ልጅ አይዞህ በለው» አሉ። «አይክፋው። ሌላ ጊዜ ለእሱም ይደርሰዋል።»